በአንድ ዓምድ ሁለት አቆጣጠር፦ የአንድ የእንስሳት መድኃኒት ግምጃ ቤትና የፋንተም ታይፕ ጉዳይ ጥናት

ይህ ጥናት የሚመለከተው በምዕራብ ጎጃም ለብዙ ወረዳዎች የእንስሳት ጤና ክሊኒኮች መድኃኒት የሚያከፋፍል አንድ ግምጃ ቤትን እና ባሕር ዳር ያለ አነስተኛ የሶፍትዌር ቡድን ያዘጋጀለትን የንብረት መመዝገቢያ ፕሮግራም ነው፤ ፋንተም ታይፕ ደግሞ በፕሮግራሙ ውስጥ የተፈጠረውን የቀን ስሕተት ለመከላከል የተወሰደው የኮድ አጻጻፍ ዘዴ ነው። ከግምጃ ቤቱ የሚወጣው መድኃኒት እንደ አገሩ ጠባይ ይለያያል፤ እንደ ሰከላና ደጋ ዳሞት ላሉ ደጋ ወረዳዎች በብዛት የሚላከው አልቤንዳዞልን የመሰለ የጥገኛ ትል መድኃኒት ሲሆን፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ ለሚወርዱት ቆላ ቀበሌዎች ደግሞ ለገንዲ በሽታ የሚሰጠው ዲሚናዚን ይጨመራል። ፕሮግራሙ ከሚሠራቸው ሥራዎች መካከል ለዚህ ጽሑፍ ዋና የሆኑት ሁለት ናቸው፦ የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያበቃ ሦስት ወር የቀረውን ዕቃ አስቀድሞ ማስታወቅ፣ እንዲሁም ቀድሞ ጊዜው የሚያልፈው ቀድሞ እንዲወጣ የአወጣጡን ተራ መንገር።

ማስታወቂያው በአብዛኛው ዕቃ ላይ ጨርሶ አይሰማም ነበር። ይህን ግን ማንም እንደ ብልሽት አልቆጠረውም፤ ምክንያቱም ዝም ያለ ማስጠንቀቂያ ከሩቅ ሲታይ በደንብ የተያዘ ግምጃ ቤት ምልክት ይመስላል። ነገሩ የወጣው የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ በሚደረገው ቆጠራ ነው። ቆጣሪዎቹ ጊዜው ያለፈበት ካርቶን ከመደርደሪያ ሲያወርዱ፣ ፕሮግራሙ ለዚያው ካርቶን ገና ስምንት ዓመት ያህል እንደሚቀረው ያሳይ ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ካርቶን መመልከት ይበቃል። ከውጭ አገር በገባ መድኃኒት ላይ የማብቂያው ጊዜ «05/2024» ተብሎ ታትሟል። ይህ በፈረንጆች አቆጣጠር የግንቦት 2024 መጨረሻ ማለት ሲሆን በእኛ ግንቦት 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ይሆናል። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ደግሞ ዛሬን የሚያውቀው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ገቢ ማድረጊያው ሞዴል 19፣ ወጪ ማድረጊያው ሞዴል 22፣ ደብዳቤውም ደረሰኙም ሁሉ በዚሁ ነው የሚጻፈው። ፕሮግራሙም ይህን በማክበር የዛሬውን ቀን በእኛ አቆጣጠር ይይዝ ነበር። እንግዲህ 2016 ከ2024 ጋር ሲነጻጸር ያነሰ ስለሆነ መድኃኒቱ ገና አላለፈበትም፤ በሚቀጥለው ዓመትም አያልፍበትም፤ በማሳያው ላይ የተሰለፉት ቁጥሮች ሁሉ ትክክል ናቸው፣ ውጤቱ ግን ከንቱ ነው።

በዚያው ዓምድ ውስጥ ያለው ጉድ በዚህ አላበቃም። መዝገቡ ሲመረመር ሦስት ዓይነት ጽሑፍ ተገኘ። አንዳንዱ ከካርቶኑ እንዳለ የተገለበጠ የፈረንጆች ቀን ነው። አንዳንዱ በጥንቃቄ ወደ እኛ አቆጣጠር የተለወጠ ነው። ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው በግማሽ የተለወጠው ነው፦ ሠራተኛው ከ2024 ላይ ስምንት ቀንሶ 2016 ይጽፋል፣ ወሩን ግን 5 እንዳለ ይተወዋል። በእኛ አቆጣጠር አምስተኛው ወር ጥር ስለሆነ መድኃኒቱ ከእውነተኛው ማብቂያው አራት ወር ግድም ቀድሞ «አልፎበታል» ይባላል፤ ደህና መድኃኒት ለመወገድ ይሰለፋል ማለት ነው። በአወጣጥ ተራው ላይም የተለወጡት ሁልጊዜ ፊት፣ ያልተለወጡት ሁልጊዜ ኋላ ስለሚቀመጡ፣ ያረጀው ካርቶን ከመደርደሪያው ጥግ ሳይነቃነቅ ይከርማል።

ፍንጭ አልነበረም ማለት ግን አይቻልም። ፕሮግራሙ የሚገባለት ቀን በእርግጥ ያለ ቀን መሆኑን የሚፈትሸው ለፈረንጆች አቆጣጠር በተዘጋጀ ላይብረሪ (ሌሎች አስቀድመው የጻፉት ኮድ) ነበር። ስለዚህ የጳጉሜን ገቢ ዕቃ ጨርሶ አይመዘገብም፤ አሥራ ሦስተኛ ወር የለማ። ጥቅምት 30 እንደ ፌብሩዋሪ 30 ስለሚነበብ አይገባም። ጥቅምት 29 ደግሞ በ2016 ሲገባ በ2017 እምቢ ይላል፤ 2016 በፈረንጆች ፌብሩዋሪ 29 ቀን የሚሆንበት ዓመት ሲሆን 2017 ግን አይደለም። ሠራተኞቹ ለዚህ መላ አበጅተውለት ነበር፦ የጳጉሜንን መስከረም 1፣ የጥቅምት መጨረሻን ጥቅምት 28 ብለው ይጽፉታል። እንዲህ ያለ ልማድ አንዴ ከተያዘ መዝገቡ ራሱ የማይታመን ይሆናል፤ ለእኔ እንደሚመስለኝ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከጠፋው መድኃኒት ይልቅ የሚያሳስበው ይህ ነው።

ከቡድኑ አንዱ ወጣት የግምጃ ቤቱን ኃላፊ፣ በዕድሜ የገፉትን ሰው፣ «ጋሼ፣ ይህ የተጻፈው በእኛ ነው ወይስ በፈረንጅ?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር። እሳቸውም «ልጄ፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን ነው የጻፍኩት፤ ማሽናችሁ መች ጠየቀኝ?» አሉት። ከዚህ በኋላ የተደረገው የቴክኒክ ሥራ ሁሉ በመሠረቱ ለዚህ መልስ የተሰጠ ምላሽ ነው።

የቀረቡት አማራጮች

ፕሮግራሙ የተጻፈው ሃስኬል በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ጥብቅ የታይፕ፣ ማለትም የመረጃ ዓይነት፣ ሥርዓት ያለው ቋንቋ ተይዞ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ፈትሾ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው) ዝም ያለበት ምክንያት ቀላል ነው፦ ቀን ማለት በኮዱ ውስጥ ሦስት ቁጥሮች፣ ዓመት፣ ወርና ዕለት፣ ብቻ ነበር። ሦስት ቁጥሮችን ከሦስት ቁጥሮች ጋር ማነጻጸር ምንም የታይፕ ስሕተት የለውም።

መጀመሪያ የታሰበው በእያንዳንዱ ቀን ላይ አቆጣጠሩን የሚናገር ተጨማሪ መስክ ማኖርና ከማነጻጸር በፊት መፈተሽ ነበር። ይህ መንገድ ይሠራል፣ ግን ፈታሹ ሰው እስካልረሳ ድረስ ብቻ ነው፤ ፍተሻው የተረሳበት አንድ ቦታ ቢኖር የሚታወቀው እንደገና በቆጠራ ጊዜ ይሆናል። ሁለተኛው ሐሳብ ሁሉንም ቀን ወዲያውኑ ወደ አንድ የዕለት ቁጥር መለወጥ ነበር። የዕለት ቁጥር ከአንድ መነሻ ቀን ጀምሮ ያለፉት ቀናት ብዛት ስለሆነ አቆጣጠር አይለይም፤ ማነጻጸርም ሆነ የቀረውን ቀን ማስላት በእርሱ ላይ እጅግ ቀላል ነው። ስሌቱም የሚከብድ አይደለም፦ በእኛ አቆጣጠር ከዓመቱ አንድ ተቀንሶ በ365 ይባዛል፣ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል የሚገኘው ሙሉ ቁጥር ይደመርበታል፣ ከወሩ አንድ ተቀንሶ በ30 የተባዛው ይጨመራል፣ በመጨረሻ ዕለቱ ይደመራል። ለአራት የሚደረገው ማካፈል ጳጉሜን ስድስት የሆነችባቸውን ያለፉ ዓመታት ይቆጥራል። በፈረንጆች በኩል የመቶ ዓመቱ ደንብ (ለ100 የሚካፈል ዓመት ለ400 ካልተካፈለ ፌብሩዋሪ 29 የለውም) ስላለ ስሌቱ ጥቂት ይረዝማል፣ እንጂ ያው ነው።

ይህ ሁለተኛው ሐሳብ ትክክል ስለነበር ቡድኑ ተቀብሎታል። ነገር ግን ብቻውን አይበቃም። ሦስቱን ቁጥሮች ወደ ዕለት ቁጥር የሚለውጡ ሁለት ፋንክሽኖች (አንድ ሥራ የሚሠሩ የኮድ ክፍሎች) አሉ፣ አንዱ ለእኛ፣ አንዱ ለፈረንጅ፤ ሁለቱም የሚቀበሉት ተመሳሳይ ሦስት ቁጥር ከሆነ፣ የተሳሳተውን መጥራት የሚከለክል ነገር የለም። ስሕተቱ ከማነጻጸሪያው ቦታ ወደ መለወጫው ቦታ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም።

መለያው

ፋንተም ታይፕ የሚባለው በስሙ ላይ የሚታይ፣ በይዘቱ ውስጥ ግን የማይገኝ ፓራሜትር (ሌላ የታይፕ ስም የሚገባበት ቦታ) ያለው ታይፕ ነው። ዳን ላይየንና ኤሪክ ማየር በ1999 እ.ኤ.አ. የዳታቤዝ ጥያቄዎችን በሃስኬል ውስጥ ስለ መጻፍ ባወጡት ጥናት ተጠቅመውበታል፤ ዓላማቸው ቁጥርን ከጽሑፍ ጋር እንደሚያነጻጽር ያለ የተሳሳተ ጥያቄ ዳታቤዙ ዘንድ ሳይደርስ በኮምፓይለሩ እንዲያዝ ነበር። በእኛ ጉዳይ «ቀን» የሚባለው ታይፕ አንድ ፓራሜትር ተጨመረለት። ይዘቱ ያው ሦስት ቁጥር ነው፤ በፓራሜትሩ ቦታ ግን «የእኛ» ወይም «የፈረንጅ» የሚል መለያ ይገባል። «ቀን የእኛ» እና «ቀን የፈረንጅ» ለኮምፓይለሩ ሁለት የተለያዩ ታይፖች ናቸው፤ ፕሮግራሙ ሲሠራ ግን መለያው የትም የለም፣ የኮምፒውተሩን ማኅደረ ትውስታም አይይዝም፣ ጊዜም አይወስድም።

በወረቀት ላይ ከዓመት ምሕረት ቀጥሎ «እ.ኤ.አ.» ብለን የምናኖራት ምልክት ይህንኑ ትሠራለች። ቁጥሩን አትለውጥም፣ እንዴት እንደሚነበብ ግን ትወስናለች። ልዩነቱ ወረቀቱ ላይ ብትረሳ የሚቆጣ አለመኖሩ ነው።

በነገራችን ላይ የሃስኬል ኮምፓይለር የሆነው ጂኤችሲ የግዕዝ ፊደልን በስሞች ውስጥ ይቀበላል። ይሁን እንጂ የታይፕ ስም በትልቅ ፊደል መጀመር አለበት፣ ፊደላችን ደግሞ ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ኮምፓይለሩ ሁሉንም እንደ ትንሽ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ በኮዱ ውስጥ የታይፖቹ ስሞች በላቲን ናቸው፣ እዚህ በአማርኛ የምጠራቸው ለንባብ ነው።

ሦስተኛ መለያም አስፈለገ። ከአሮጌው መዝገብ የሚመጣው ቀን የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አይታወቅም፤ ስለዚህ «ያልተለየ» የሚል መለያ ተሰጠው። የዚህ መለያ ጥቅም በሚከለክለው ነገር ነው፦ «ቀን ያልተለየ» ወደ ዕለት ቁጥር አይለወጥም፣ አይነጻጸርም፣ በአወጣጥ ተራ ውስጥ አይሰለፍም። ከእርሱ ጋር የሚሠራ አንድ ፋንክሽን ብቻ አለ፣ እርሱም ካርቶኑን ያየ ሰው የሰጠውን መልስ ተቀብሎ ወደ ሁለቱ ወደ አንዱ የሚያሻግረው ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የማነጻጸሪያውን ችሎታ ኮምፓይለሩ በራሱ እንዲያዘጋጅ ቢተውለት ለማንኛውም መለያ ያዘጋጀዋል፤ ያን ጊዜ ሁለት «ያልተለየ» ቀኖች እርስ በርሳቸው ያለ ችግር ይነጻጸራሉ፣ የድሮውም በሽታ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ማነጻጸሪያው ለታወቁት ሁለት አቆጣጠሮች ብቻ ተወስኖ በእጅ ተጻፈ።

የሚያመልጡበት ቀዳዳ

ፋንተም ታይፕን የሚያወድሱ ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ መለያውን አሳይተው ያቆማሉ። በዚህ ጉዳይ ሥራው የነበረው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ረቂቅ ከጽሑፍ ላይ ቀን የሚያነብ አንድ ፋንክሽን ነበረው፤ የሚመልሰውም «ቀን» ከማንኛውም መለያ ጋር ነበር። ይህ አጻጻፍ ጥሩ ይመስላል፣ አንድ ኮድ ለሁለቱም ያገለግላልና። ይሁን እንጂ የሃስኬል ኮምፓይለር ያልተነገረውን ታይፕ ከአካባቢው ያወጣል። ከካርቶኑ የተነበበው ቀን «ቀን የእኛ» ከሆነው ከዛሬ ጋር ሲነጻጸር ባየ ጊዜ፣ የተነበበውም «የእኛ» መሆን አለበት ብሎ ይደመድማል፣ መለያውን ራሱ ይለጥፋል፣ ኮዱም ያለ አንዲት ማስጠንቀቂያ ያልፋል። የመጀመሪያው ስሕተት ሙሉ በሙሉ ተመልሶ መጣ፤ የተለየው አሁን የኮምፓይለሩ ቡራኬ ያለው መሆኑ ነው። ፕሮግራም አንባቢው ኮዱን ሲያይ መለያዎቹን እያየ ይረጋጋል፣ ስለዚህ መለያ ከሌለው ኮድ ይልቅ ይህ አደገኛ ነው ብዬ አምናለሁ። መፍትሔው መለያውን ነጻ አድርጎ የሚመልስ ማንኛውንም ፋንክሽን ከሞጁሉ (ቀንን ከሚመለከተው የኮድ ክፍል) እንዳይወጣ መከልከል ነው። አሁን የማንበቢያ ፋንክሽኖቹ ሁለት ናቸው፣ እያንዳንዱም የራሱን መለያ ብቻ ይመልሳል፤ ቀንን በቀጥታ የሚሠራው ኮንስትራክተርም በሞጁሉ ውስጥ ተደብቋል።

ኮንስትራክተሩን መደበቅም ያልዘጋው ቀዳዳ አለ። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ማለትም ከጂኤችሲ 7.8 ወዲህ፣ ውስጣቸው አንድ የሆኑ ታይፖችን ያለ ወጪ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግር ኮኧርስ የሚባል ፋንክሽን በቋንቋው ውስጥ ይገኛል። ኮምፓይለሩ ይህን የሚፈቅደው ለእያንዳንዱ ፓራሜትር ሮል የሚባል ደረጃ ሰጥቶ ነው፤ በይዘቱ ውስጥ የማይገኝ ፓራሜትር ደግሞ በራሱ ፋንተም የሚለውን ልል ደረጃ ያገኛል። ስለዚህ ኮንስትራክተሩን ጨርሶ የማያይ ሌላ ሞጁል እንኳ በኮኧርስ አንድን «ቀን የፈረንጅ» ወደ «ቀን የእኛ» ሊቀይረው ይችላል፣ ቁጥሮቹን ሳይነካ። ይህን የሚዘጋው አንድ መስመር ነው፦ የፓራሜትሩ ሮል ኖሚናል (መለያው ከተለየ ማሻገርን የሚከለክል ጥብቅ ደረጃ) እንደሆነ በግልጽ ማወጅ። ከቡድኑ ማንም በተንኮል ኮኧርስ ይጠቀማል ተብሎ አይደለም፤ ግን ፍጥነት ፍለጋ ትልቅ ዝርዝርን በአንድ ጊዜ ለማሻገር ሲባል የሚጻፍ ኮድ ስለሆነ፣ ማወጁ የሚያስወጣው ነገር ከሌለ የማይታወጅበት ምክንያት አይታየኝም።

ከዚያ በኋላ ያለው ድንበር ነው። ታይፕ ዳታቤዝ ውስጥ አይገባም። የማብቂያ ጊዜው ዓምድ ሦስት ቁጥሮችን መያዙ ቀርቶ የዕለት ቁጥር ብቻ እንዲይዝ ተደረገ፤ ከጎኑም ካርቶኑ ላይ የታተመው ጽሑፍ እንዳለ እና ሠራተኛው የመረጠው አቆጣጠር ይቀመጣሉ። ጽሑፉን እንዳለ ማስቀመጡ ትርፍ ነገር ይመስላል፣ ሆኖም በኋላ ክርክር ቢነሳ የሚመለሱበት ብቸኛው ነገር እርሱ ነው። እንደ «05/2024» ወርና ዓመት ብቻ ያለበት ካርቶን በዚያ ወር የመጨረሻ ቀን እንደሚያበቃ ተቆጥሮ ይለወጣል። ታይፕስክሪፕት በሚባል ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈው የድረ ገጽ ክፍል ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው፦ ታይፕስክሪፕት ሁለት ታይፖችን የሚለየው በስማቸው ሳይሆን በቅርጻቸው ስለሆነ፣ ጥቅም ላይ ያልዋለ ፓራሜትር ምንም አይለይም፤ ያንኑ ዘዴ እንዳለ ገልብጦ የወሰደ ሰው ተጠብቄያለሁ ብሎ ያልተጠበቀ ይሆናል። እዚያ አቆጣጠሩ እንደ እውነተኛ መስክ በቀኑ ውስጥ እንዲጻፍ ተደረገ። በረስት ቋንቋ ቢሆን ኮምፓይለሩ ራሱ ጥቅም የሌለውን ፓራሜትር አልቀበልም ብሎ ፋንተምዳታ የሚባለውን ምልክት ያስጽፋል፤ ቢያንስ አያታልልም።

በግምጃ ቤቱ ውስጥ

አዲሱ ታይፕ በኮዱ ላይ እንደተጫነ ኮምፓይለሩ ዛሬን ከማብቂያ ጊዜ ጋር የሚያገናኙትን ቦታዎች ሁሉ አንድ በአንድ አወጣቸው። አንዳንዶቹ የታወቁ ነበሩ። የዓመት ሪፖርቱ ግን አልታሰበም ነበር፤ እርሱም የተወገደ መድኃኒት ዋጋ ሲያሰላ በዚያው በተቀላቀለ ዓምድ ይጠቀም ኖሯል። የስሕተት መልእክቱ «የእኛ» ሲጠበቅ «የፈረንጅ» መጣ የሚል ስለሆነ ሃስኬልን ገና የሚማሩት አባላት እንኳ ሳይጨነቁ ያነቡት ነበር፤ ከዚህ ቋንቋ የስሕተት መልእክቶች መካከል እንዲህ ግልጽ የሆነ ብዙ የለም።

በሠራተኛው ፊት የተለወጠው አንድ ነገር ነው። ማስገቢያው ገጽ አሁን ካርቶኑ ላይ ያለውን እንዳለ እንዲጽፉና «በእኛ» ወይም «በፈረንጅ» የሚለውን እንዲመርጡ ይጠይቃል፤ መለወጡን ማሽኑ ይሠራዋል። ከሁለቱ አንዱም አስቀድሞ ተመርጦ አይጠብቅም። በዚህ ላይ ክርክር ነበር፦ አብዛኛው ካርቶን በፈረንጅ ስለሆነ እርሱ ተመርጦ ቢቀመጥ ሥራ ይፈጥናል የሚሉ ነበሩ። ተቀባይነት ያላገኘው፣ አስቀድሞ የተሰጠ መልስ ጥያቄውን ስለሚያጠፋው ነው። ጳጉሜንም በራሷ አቆጣጠር ስለምትፈተሽ ተመዝግባ መግባት ጀመረች፤ ጥቅምት 30 እንዲሁ።

አሮጌው መዝገብ ሁሉ «ያልተለየ» ሆኖ ገባ። ዓመቱ 2020 እና ከዚያ በላይ የሆነው በፈረንጅ ለመሆኑ ጥርጥር ስላልነበረው በስብስብ ተለየ። የቀረው፣ በተለይ 2016 እና 2017 ዓመት ያለበት፣ በኮድ አይፈታም፤ ሙሉ የተለወጠውንና በግማሽ የተለወጠውን ከቁጥሩ ላይ መለየት የሚችል ፕሮግራም ሊኖር አይችልም። ኃላፊውና ረዳታቸው መደርደሪያ በመደርደሪያ እየዞሩ ካርቶኑን አነበቡ። ወደ ወረዳ ክሊኒኮች አስቀድሞ የወጣው በስልክ ተጠየቀ፤ ካርቶኑ ተጥሎ ብልቃጡ ብቻ የቀረበት ቦታም ነበር፣ እንዲህ ያለው ከብልቃጡ ላይ ተነበበ፣ ጽሑፉ የጠፋበት ደግሞ ተለይቶ ለማስወገድ ተቀመጠ።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ የቀረው ስሕተት ሠራተኛው ራሱ አቆጣጠሩን አሳስቶ ሲመርጥ የሚፈጠረው ነው። ኮምፓይለሩ ካርቶን አያይም። መለያው የሰውን ቃል ተቀብሎ እስከ መጨረሻው ያከብረዋል፣ ቃሉ ልክ ይሁን አይሁን አያውቅም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚደረግ አንድ ተራ ፍተሻ ተጨምሯል፦ «በእኛ» ተብሎ የተመረጠው የማብቂያ ዓመት ከዛሬው ከአምስት ዓመት በላይ የሚርቅ ከሆነ፣ ወይም «በፈረንጅ» የተባለው ዕቃው ገቢ ከሆነበት ቀን በፊት የሚውል ከሆነ፣ መዝገቡ ከመቀመጡ በፊት ሠራተኛው ካርቶኑን እንደገና እንዲያይ ይጠየቃል።